የት እንቀመጥ?

ባለፈው ክረምት ወደየሀገራችን ተበትነን ሳለን፥ ከቤተ መጻሕፍቱ በስተ ጀርባ ከትልቁ ጥድ ሥር የነበሩት ድንጋዮች ተነሥተዋል። ስንመለስ በቦታቸው አረንጓዴ ሣር ተነጥፎ፥ ዙሪያው ዝቅ ባለ ብረት ታጥሮ፥ «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ቆሞ አገኘነው። ሥራው በእውነት ያምራል። የሠራውም ሰው እንደ ደከመበት ይታያል፤ እኔም ውበትን ጠልቼ ይህን አልጽፍም። ነገር ግን ከመስከረም ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ ስፍራ አንድ ሰው እንኳ ተቀምጦ አላየሁም። ቀድሞ በማናቸውም ሰዓት ቢታለፍ ዐሥር ዐሥራ አምስት ተማሪ ከዚያ አይጠፋም ነበር።

«ደግሞ ስለ ድንጋይ ምን ይጻፋል?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። በዚህ መጽሔት ስለ ምግቡ፥ ስለ ውሃው መጥፋት፥ ስለ ፈተናው ውጤት መዘግየት ብዙ ተጽፏል፤ ሊጻፍም ይገባዋል። የእኔ ነገር ከዚያ ሁሉ ያነሰ ይመስላል። ይሁን እንጂ አንድ ተማሪ ሳይከፍል፥ ሰው ሳይገፋው፥ ማንም መጥቶ «እዚህ ምን ትሠራለህ?» ሳይለው ከባልንጀራው ጋር ተቀምጦ የሚጫወትበት ቦታ በግቢያችን ውስጥ ስንት ቀረ ብዬ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዞሬ ቈጠርሁ። አራት አገኘሁ። ከአራቱ አንዱ የምግብ ቤቱ ደረጃ ነው፤ እርሱም ሰልፍ ሲኖር አያስቀምጥም። ሌላው የስልክ መሙያ ሶኬት ያለበት ግድግዳ ነው። በዚያ ዘወትር ሰው አለ። ሰዉ ሁሉ ግን ገመዱ እስከ ደረሰለት ድረስ ተጠግቶ ዐይኑን ስልኩ ላይ ተክሏል፤ ትከሻው የነካውን ሰው ስም አያውቅም።

ነገሩ ለምን እንዳስጨነቀኝ ለማስረዳት ከሁለት ዓመት በፊት የሆነውን ልናገር። አንደኛ ዓመት ሳለን ከዶርማችን ፊት ለፊት ባለው ክፍል አንድ ልጅ ይኖር ነበር። ጠዋት በኮሪደሩ ስንተላለፍ አንገቱን ዝቅ ያደርግልናል፥ እኛም ዝቅ እናደርግለታለን፤ ግንኙነታችን ይኸው ነበር። አማርኛው ጥቂት ይከብደው ስለ ነበር ዝምታው ኩራት መሰለን። እርሱም የእኛ ጫጫታ ንቀት ሳይመስለው አልቀረም። እንዲህ ሆነን አምስት ወር ኖርን።

በየካቲት አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። እንደ ሌላው ጊዜ ቶሎ ይመለሳል ብለን ጠበቅን፤ አልተመለሰም። ስልኮቻችን ተራ በተራ ሞቱ። በጨለማ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው ተፋጥጦ መቀመጥ ስለማይቻል አንድ ሁለት እያልን ወጥተን የደረጃው መገናኛ ላይ ተቀመጥን። ያ ደረጃ በመካከሉ ሰፊ ማረፊያ አለው፤ ሕንጻውን የነደፈው ሰው ለምን እንዳሰፋው አላውቅም፤ ምናልባት አልጋ ለማዞር ይሆናል። አንዱ ሻማ አመጣ፥ ሌላው እናቱ የላከችለትን ቆሎ ይዞ ወጣ። ያም ልጅ ከክፍሉ ወጥቶ ከታችኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ቆሎው ሲዞር እርሱም ጋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት አልተነሣንም።

የመጣው ከኮንሶ ነበር። ያን ሌሊት የነገረን ስለ ሞራ ነው። የኮንሶ ከተሞች በተራራ ላይ በድንጋይ ካብ ተከበው የተሠሩ ናቸው፤ መንገዳቸው ጠባብ፥ ግቢዎቻቸውም ተጠጋግተው የታጠሩ ናቸው። በዚህ ሁሉ ጥበት መካከል ግን ሞራ የሚባል ሜዳ በየስፍራው ይተዋል። በሞራው ላይ ታላቅ የሣር ክዳን ያለው ቤት ይቆማል። ታችኛው ክፍት ነው፤ ሽማግሌ ያርፍበታል፥ ልጅ ይጫወትበታል፥ ነገር ይታይበታል። ላይኛው ማደሪያ ነው፤ ጐረምሶቹ ሌሊት በዚያ ስለሚያድሩ እሳት ቢነሣ ወይም ሰው ቢቸገር ቀድመው የሚደርሱት እነርሱ ናቸው። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. የኮንሶን መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከእርከኑ ጋር እነዚህን ከተሞችና ሞራዎቻቸውን አብሮ መዝግቧል። ልብ በሉ! የእርሻ መሬት በእርከን እየተካበ በመከራ በሚገኝበት አገር ለመቀመጫ የሚሆን መሬት ይተዋል። ትርፍ መሬት ኖሯቸው አይደለም።

ያ ልጅ በዚያው ሳምንት ሻንጣውን ሸክፎ ትምህርቱን ጥሎ ሊሄድ ቈርጦ እንደ ነበር የነገረን ከብዙ ወራት በኋላ ነው። አሁን ሦስተኛ ዓመት ደርሷል፤ ይህን ሲያነብ ስለ ሞራ አንዱን ነገር አሳስተሃል ብሎ እንደሚያርመኝም አልጠራጠርም። ከእኛ በር እስከ እርሱ በር አራት እርምጃ ነው። አራቱን እርምጃ ለመሻገር አምስት ወርና አንድ የመብራት መጥፋት አስፈለገን። መብራት ኃይል ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ውለታ ይውልልናል ብሎ መጠበቅ ደግሞ ደግ አይሆንም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እኛ ተማሪዎች ስለ ብቸኝነት ስናወራ ጥፋቱን በሰው ጠባይ ላይ ማሳበብ እንወዳለን። «የዛሬ ልጅ ስልክ ላይ ተተክሎ ይውላል»፥ «ሰው ተለውጧል» እንላለን። ሰው ግን አልተለወጠም። መብራት ሲጠፋ የወጣነው እኛው ነን። የተለወጠው የምንቀመጥበት ነው። አባቶቻችን ቤት ሲሠሩ ግድግዳውን ተከትለው መደብ ያበጁ ነበር። መደብ የቤቱ አካል እንጂ ኋላ ገንዘብ ሲገኝ የሚገዛ ዕቃ አልነበረም፤ እንግዳ መምጣቱ ቤቱ ሲታነጽ አስቀድሞ ታስቦበታል ማለት ነው። በሐረር ቤቶችም ውስጥ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት መቀመጫዎች እንዲሁ ከቤቱ ጋር አብረው የታነጹ ናቸው።

ቡናችንንም ተመልከቱ። አንድ ሰው ሌላውን ሰው ቀስ እንዲል የሚያስገድድ ነገር ልፍጠር ብሎ ቢነሣ ከዚህ የበለጠ የሚያስብ አይመስለኝም። ቡናው መታጠብ አለበት፥ መቈላት አለበት፥ መወቀጥ አለበት፥ ጀበናው መፍላት አለበት፥ ከፈላ በኋላ ደግሞ አተላው እስኪሰክን ይጠበቃል። ሲቈላ ጢሱና ሽታው ጐረቤቱን ይጠራል፤ መልእክተኛ አያስፈልግም። አቦል ተጠጥቶ ሲያልቅ ቶና አለ፥ ከቶና በኋላ በረካ አለ፤ ከአቦል ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ችኩል ይባላል። የተኳረፉ ጐረቤታሞች በሦስተኛው ስኒ ላይ ሲታረቁ በዐይኔ አይቻለሁ። በማሽን የተፈላውን ማኪያቶ ግን ከረጅሙ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመን በሦስት ደቂቃ እንጨልጠዋለን። ማኪያቶን አልነቅፍም፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን በማኪያቶ የታረቀ ሰው አላጋጠመኝም።

ይህ የኋላ ቀር አገር ናፍቆት ነው የሚል ቢኖር ወደ ኒው ዮርክ እንሂድ። (በዚህ ክፍል ያሉትን ዓመቶች በአውሮፓ አቈጣጠር እሰጣለሁ።) በ1961 የኒው ዮርክ ከተማ አንድ ደንብ አወጣ፤ ይኸውም ፎቅ የሚሠራ ባለሀብት ከሕንጻው ሥር ለሕዝብ አደባባይ ቢተው፥ በብዙ ሕንጻ በታጨቀው የከተማው ክፍል ለተወው ለእያንዳንዱ ካሬ ጫማ ዐሥር ካሬ ጫማ ፎቅ እንዲጨምር ይፈቀድለታል የሚል ነው። ባለሀብቶቹ ደስ ብሏቸው አደባባዮችን ሠሩ። ድንጋዩ ተወለወለ፥ ፏፏቴው ተተከለ። ሰው ግን አልተቀመጠባቸውም። ዊልያም ኋይት የሚባል ጸሐፊ በ1970ዎቹ ከተማሪ ረዳቶቹ ጋር ካሜራ ይዞ አደባባዮቹን ከማለዳ እስከ ምሽት እየቀረጸ ሰው ለምን አንዱን ወድዶ ሌላውን እንደ ተወ መረመረ። መጀመሪያ የፀሐዩ ነገር መሰለው፤ ፀሐይ መልካም ነው ግን ምክንያቱ እርሱ ብቻ አልሆነም። የአደባባዩ ቅርጽ መሰለው፤ አልሆነም። ስፋቱም አልሆነም። በመጨረሻ ያገኘው መልስ አያቴም ሳይማሩ የሚያውቁት ነው፤ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው።

ይህ ለማወቅ ብዙ ዓመት የፈጀ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ብዙዎቹ አደባባዮች የአበባ መደባቸው ሰው እንዳይቀመጥበት ሹል ብረት ተተክሎበት ነበር፤ ባለቤቶቹ «የማይፈለግ ሰው» ይመጣብናል ብለው ስለ ፈሩ። ኋይት ያየው ግን የተገላቢጦሹን ነው። ደግ ሰው የሸሸው ባዶ ቦታ የሚፈሩትን ሰው ይጠራል፤ የሞላው ቦታ ራሱን ይጠብቃል። በዚያው ከተማ ያለው ብራያንት ፓርክ ዙሪያው በአጥር ተክል ተከልሎ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች መዋያ ሆኖ ነበር። ክለላው ተገልጦ፥ መግቢያው በዝቶ፥ ያልተቸነከሩ ወንበሮች ተሰጥተውት በ1992 እንደ ገና ሲከፈት ሕዝብ ሞላው። ወንበሮቹን ሰው ይሰርቃቸዋል የተባለውም ሥጋት ቦታውን ባዶ አላስቀረውም። ስለ ወንበሮች ኋይት ያስተዋለው አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ሰው የሚንቀሳቀስ ወንበር ሲያገኝ፥ ቦታው ምንም ባይከፋ፥ ከመቀመጡ በፊት ጥቂት ጣት ያህል ፈቀቅ ያደርገዋል። ወደ ፀሐዩ አይደለም፥ ወደ ጥላውም አይደለም። «ይህ የኔ ነው» ለማለት ብቻ ነው። ከተማውም በ1975 ደንቡን አሻሽሎ ለአደባባይ ስፋት የሚመጠን መቀመጫ እንዲሠራ አስገደደ።

ኮፐንሃገን ደግሞ ስትሮየት የተባለውን የገበያ መንገዷን በ1962 ለመኪና ስትዘጋ፥ «እኛ ጣልያን አይደለንም፥ በዚህ ብርድ ማን ውጭ ይቀመጣል?» ብለው የተቃወሙ ነበሩ። ዛሬ መንገዱ በእግረኛ የተሞላ ነው። ብርድ የከለከለው የመሰላቸውን ነገር የከለከለው መኪናው ነበር።

እንግዲህ በግቢያችን በር አጠገብ ጀበና ይዘው ይቀመጡ የነበሩትን እትዬን አስታውሱ። ስድስት ዝቅ ያሉ የፕላስቲክ በርጩማዎች ነበሯቸው። ሁለት ሰው ሲመጣ ሁለት ያቀርባሉ፤ ሦስተኛው ሲመጣ «ጠጋ በሉ ልጆቼ» ብለው አንዱን ይጨምራሉ፤ የማይተዋወቁትን ጕልበት ለጕልበት ያገናኟቸዋል። ፀሐዩ ሲዞር በርጩማዎቹ አብረው ይዞራሉ። ኋይት በካሜራ የደረሰበትን እርሳቸው በልምድ ደርሰውበት ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ በቦታው የሉም። የእግረኛው መንገድ ሲጸዳ ተነሡ፤ ወዴት እንደ ሄዱ የሚያውቅ ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል፤ የሰባት ስኒ ዕዳም አለብኝ።

ስለ ከተማችን ሳልናገር ባልፍ አድሏል እባላለሁ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የእግረኛውን መንገድ አስፍቷል፥ መብራት አብርቷል፥ መቀመጫም ተክሏል። ማታ ማታ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ሲንሸራሸሩ ማየት ቀድሞ ብዙ ያልተለመደ ነገር ነውና ይህን መካድ ቅናት ይሆናል። እኔ በተቀመጥሁባቸው ስፍራዎች ግን አግዳሚዎቹ በአንድ መስመር ተደርድረው ወደ መኪናው መንገድ ዞረዋል። ሁለት ሰው ይቀመጥባቸዋል፥ አራት ሰው ግን ፊት ለፊት ተያይቶ አይጫወትባቸውም። መኪና ለማየት መልካም ናቸው። በዚያው ዓመት በፒያሳ አሮጌዎቹ ሰፈሮች ሲፈርሱ ለብዙ ዘመን በአንድ ረከቦት ዙሪያ የተቀመጡ ጐረቤታሞች ተለያይተዋል። ቤት በቤት ይተካል እንበል፤ ጐረቤቱን በምን ይተኩታል?

የጋራ መኖሪያ ቤቶቹም ነገር እንዲሁ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ኮንዶሚኒየሞች ሲሠሩ እንጀራ የሚጋገርበት፥ በግ የሚታረድበት፥ ልብስ የሚታጠብበት የጋራ ቤት አብሮ ታስቦላቸው ነበር። ያሰበው ሰው ይመስገን። ወላጆቼ በሚኖሩበት ሰፈር ግን ያ ቤት ለዕቃ ማከማቻ ተከራይቶ ቁልፉ ከአንድ ሰው ኪስ ገብቷል፤ ለቅሶ ሲደርስ በየመንገዱ ድንኳን ይተከላል። አዳዲሶቹ መናፈሻዎች ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን በር ላይ ገንዘብ የሚከፈልበት መናፈሻ ለተማሪ የልደት ቀን ቦታ እንጂ የዘወትር መዋያ ሊሆን አይችልም። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን ያየሁበት ዐይን ከዚህ የተለየ ነው፤ ሰው ሳይከፍል ገብቶ ሲውልበት አይቻለሁና።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልምጣ። የመጀመሪያው፥ ተማሪ የመጣው ሊማር ነው፥ ተቀምጦ የሚያወራ ቦዘኔ ነው የሚለው ነው። የዚህን መልስ ለየራሳችሁ እተዋለሁ፤ የፍልስፍናውን ትምህርት ከአዳራሹ ይልቅ ከጥዱ ሥር የተረዳችሁት ስንቶቻችሁ እንደ ሆናችሁ ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ከጥበቃ ሠራተኞቹ አንዱ አባት፥ ሰላምታ ካቀረብሁላቸው በኋላ ስለ ድንጋዮቹ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ተማሪ ሲሰበሰብ ነገር ይነሣል፤ እኛም ተጠያቂ እንሆናለን» አሉኝ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፥ ያዩትን ነው የሚናገሩት። በ2012 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች በዶርማቸውና በግቢያቸው ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ብዙዎችም ፈርተው ወደ ወላጆቻቸው ተመልሰዋል። መቀመጫ ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ አይደርስም ነበር ብዬ አላታልላችሁም። ለዚያ ጥፋት ከግቢ ውጭ የሆኑ ብዙ ምክንያቶች ነበሩት። ነገር ግን ይህን ልጠይቅ። በችግር ቀን የማን በር ነው የሚንኳኳው? አብሮን ቆሎ የቆረጠመው ልጅ ቋንቋው ምንም ይሁን፥ ክፉ ወሬ ስለ ሰፈሩ ሰው በስልክ ሲመጣ «ቆይ፥ እርሱን ልጠይቀው» የምንለው ሰው ነው። የሚጠየቅ ሰው የሌለው ወሬውን እንዳለ ይውጣል። ተማሪን በትኖ ጸጥታ አገኘሁ የሚል ሰው ያገኘው ዝምታን ነው፤ ሁለቱ ሲለያዩ በዚያ ዓመት አይተናል።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ያነሣችብኝ የክፍላችን እኅት ናት፤ ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝም እርሷ ናት። ይህን ጽሑፍ ጀምሬ ሳሳያት፥ «እናንተ የምትናፍቁት ጥድ ሥር እኛ ከዐሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ተቀምጠን እናውቃለን?» አለችኝ። አስቤው አላውቅም ነበር። ሌሎቹንም ብጠይቅ መልሳቸው ተመሳሳይ ሆነ፤ መብራት ይኑረው፥ ከኋላ ግድግዳ ይኑረው፥ ከመንገድ ይታይ፥ መውጫው አንድ ብቻ አይሁን አሉ። ኋይትም ደኅና ቦታ መሆኑን ከሚያውቅባቸው ምልክቶች አንዱ የሴቶቹ ቍጥር መሆኑን ጽፏል። በዚህ ሚዛን ከሄድን የድሮው የድንጋይ ቦታችንም ግማሽ ቦታ ብቻ ነበር። እንዲሁ ይመለስልን ብዬ ጀምሬ የነበረውን ዐረፍተ ነገር በዚህ ምክንያት ሰርዤዋለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ድንጋዮቹ ይመለሱ፤ ከእነርሱ ጋር አንድ መብራት ይተከል፥ ገሚሶቹም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ይጠጉ። ሣሩም ይኑር፤ የሚረገጥ ሣር አለ፥ የሚቀመጡበትም ሣር አለ። በየዶርሙ ኮሪደር ጫፍ የተሰበሩ አልጋዎች የተከመሩበት ክፍል ይጸዳና ይከፈት። ጥቂት በርጩማዎች ይገዙ፥ መሬት ላይም አይቸንከሩ። «ይሰረቃሉ» ከተባለ፥ ይሰረቁ፤ ወደ ክፍሉ በርጩማ የወሰደ ተማሪ እንግዳ ሊያስቀምጥበት ነውና ብዙም አላዝንም። አንዲት ቡና አፍይም በተማሪ ዋጋ ከበር ወዲህ እንድትቀመጥ ይፈቀድ። የተማሪዎች ኅብረታችን ባለፈው ዓመት ለቲሸርት ያወጣው ገንዘብ ለዚህ ሁሉ ባይበቃ እንኳ ለበርጩማዎቹ ይበቃ ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ የሒሳብ ሹማችን ተሳስተሃል ቢለኝ በዚሁ መጽሔት ያርመኝ።

እስከዚያው ግን ከሚመጣው ሐሙስ ጀምሮ ከምሳ በኋላ ያን የሶኬት ግድግዳ አልፌ ወደ ጥዱ እሄዳለሁ። በርጩማ ከቤት አስመጥቻለሁ፤ ሁለት ናቸው። ሣሩን አልረግጥም፥ ከብረቱ ወዲህ እቀመጣለሁ። ክልከላ ቢመጣብኝ ምን ተብዬ እንደ ተከለከልሁ በሚቀጥለው እትም እጽፋለሁ። ሁለተኛው በርጩማ ቀድሞ ለመጣ ነው።